አዲሱ ሳይረጋጋ አሮጌው አይጠፋም

ጤና ጣቢያ በምሠራበት ዘመን የክትባት ፍሪጅ ሲቀየር የማይጣስ አንድ ሥርዓት ነበረን። አዲሱ ፍሪጅ በመጣበት ዕለት ክትባት አይዛወርም። ፍሪጁ ባዶውን ይሰካል፤ ቴርሞሜትር ይገባበታል፤ ጠዋትና ማታ እየተነበበ ቅጹ ላይ ይመዘገባል። ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ረግቶ መቆየቱ ሲረጋገጥ ብቻ ክትባቱ ይገባል። እስከዚያ አሮጌው ፍሪጅ ቢያጓራም ቢንቀጠቀጥም ከሥራው አይወርድም። እንደኛ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ በዚህ ሥርዓት የቀለደ ሰው የስንት ሕፃናትን ክትባት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያበላሽ ይችላል።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ሥርዓት ባለፈው ኅዳር እቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ በፍሪጅ ሳይሆን በላፕቶፕ ላይ ይጠቅመኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጠቀመኝ። ባይጠቅመኝ ኖሮ የባለቤቴን ድምፅ ዳግመኛ አልሰማም ነበር።

ይህን የምጽፈው ለኮምፒውተር አዋቂዎች አይደለም። የቤተሰብ ፎቶ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃና የሟች ማስታወሻ ሁሉ አንዲት ላፕቶፕ ውስጥ ተከማችቶባቸው፣ «መቼ ትበላሽ ይሆን?» እያሉ ለሚሰጉ እንደኔ ላሉ ወላጆችና አያቶች ነው።

ጀበና ጥጄ የምጠብቃት ላፕቶፕ

ላፕቶፗን በ2011 ዓ.ም የገዛልኝ አዲስ አበባ የሚኖረው ወንዱ ልጄ ነው። መጀመሪያ ጎበዝ ነበረች። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ስትከፈት የሚፈጅባት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ቁልፏን ተጭኜ ጀበናዬን እጥዳለሁ፤ ስመለስ ያ ክብ ነገር ገና እየዞረ ነው። የልጅ ልጄ የቤት ሥራውን ሊጽፍ ቁጭ ብሎ በመሃል እንቅልፍ የወሰደው ጊዜም አለ።

«ትጣል» የሚል ምክር ብዙ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ውስጧ ያለውን ስለማውቅ መጣል አይታሰበኝም።

ባለቤቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1895 ዓ.ም እዚህ ሜዳ ላይ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ እንደማትኖር ለልጆቹ ሁሌ ይነግራቸው ነበር። እሱም ዕድሜውን የጨረሰው በባቡሩ ጥገና ሥራ ነው። በ2000 ዓ.ም ገደማ የሥራ ዘመን ትዝታውን በእጁ ጽፎ፣ ያኔ በየሠፈሩ ከነበሩት የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች በአንዱ ከፍሎ አስተየበው። አርባ ሁለት ገጽ ሆነ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠፋ፤ የቀረው በፍላሽ የተቀመጠው ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም ከማረፉ በፊት በነበሩት ወራት ደግሞ ወንዱ ልጄ እያስወራ ድምፁን በስልክ ቀድቶት ነበር። እሱም ላፕቶፗ ውስጥ ነው።

የቀድሞ ፎቶዎቻችንም እንዲሁ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰበትን ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም። እኔ ያን ሌሊትና ተከታዮቹን ቀናት በሥራ ላይ ነበርኩ። ከሞተው ሰው ጋር ሲነጻጸር የኛ ጉዳት ምንም አልነበረም፤ ቤታችን ውኃ ገባ፣ ዕቃ ተበላሸ። ከተበላሸው ዕቃ አንዱ የሠርግ አልበማችን ነው። ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ አንዱን ከአንዱ ስንለይ ፊቱ ከወረቀቱ እየለቀቀ ቀረ። የተረፉትን በስካነር አስነስተን አስቀመጥናቸው፤ ዋናዎቹ በኋላ ሻግተው ተጣሉ። ስለዚህ ስለ ላፕቶፗ ስጨነቅ የማስበው ስለ ፕላስቲክና ብረት አልነበረም። ሁለተኛ ጎርፍ እንዳይመጣብኝ ነው።

«የዚህ ሲስተም ድጋፍ አልቋል»

ሴቷ ልጄ በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በአንድ ፋብሪካ የንብረት ክፍል ትሠራለች። በመልካ ጀብዱ በኩል ያለው ይህ ፓርክ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነጻ ንግድ ቀጠና ሥራም ተጨምሮለታል፤ የድሬ ሰው ግን አሁንም «ፓርኩ» ነው የሚለው። ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች፤ ልጇ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ድረስ ከእኔ ጋር ይውላል።

ጥቅምት ላይ አንድ ማታ፣ «እማዬ፣ የቢሯችን ኮምፒውተሮች በሙሉ እየተቀየሩ ነው። ያንቺዋም ዊንዶውስ 10 ናት፣ ድጋፏ አልቋል» አለችኝ።

«ድጋፉ አልቋል» ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ኋላ ሲብራራልኝ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ማለት ላፕቶፑን የሚያዝዘው ዋናው ሲስተም ነው። አምራቹ ማይክሮሶፍት ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር መድፈኛ ይልካል። ለዊንዶውስ 10 ይህን መደበኛ አገልግሎት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን አይቆምም፤ እንደ ትናንቱ ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ፎቶ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ግን የሚደፍነው የለም። በኛ ቋንቋ፣ ማጠናከሪያ ክትባቱ የተቋረጠበት ሰው ማለት ነው። ዛሬ ጤነኛ ይመስላል፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ነው የሚታወቀው።

ወረርሽኝ ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም «ዋናክራይ» የተባለ የኮምፒውተር ቫይረስ በ150 አገሮች ገደማ ተሰራጭቶ፣ ፋይሎችን እየቆለፈ «ገንዘብ ካልከፈላችሁ አልከፍትም» ይል ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በርካታ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተስተጓጉሎ የሕሙማን ቀጠሮ በሺዎች ተሰረዘ፤ አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲሄዱ ተደረገ። የሚያሳዝነው፣ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን የላከው ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተጠቁት መድፈኛውን ያልጫኑ ወይም ሲስተማቸው አርጅቶ የተዘነጋ ናቸው። ይህን ሳነብ ስለ ክትባት ዘመቻ የማነብ ነበር የመሰለኝ።

ግን ፈራሁ። የፈራሁበትም ምክንያት ነበረኝ። በ2014 ዓ.ም ላፕቶፗ ቫይረስ ገባባት ተብሎ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጃት ነበር። «ፎርማት ትደረግ» አለኝ፣ «ትደረግ» አልኩ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ እሱም «የምትፈልጊው ነገር አለ?» አላለኝም። ወደ ቤት ስመልሳት የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ፎቶዎች አልነበሩም። የተረፈው ከዲስኩ ክፍሎች «ዲ» በተባለው ላይ የነበረው ብቻ ነው። የባለቤቴ ነገር የተረፈው በብልሃቴ ሳይሆን ወንዱ ልጄ እዚያ ስላስቀመጠው ነው።

ፓርኩ በር ላይ፣ በሻይ ሰዓት

ልጄ የፋብሪካቸውን ኮምፒውተሮች የሚቀይረውን ወጣት አነጋገረችልኝና አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ላፕቶፗን በጨርቅ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ፓርኩ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ እንግዳ እንዲሁ ስለማይገባ ከበሩ ውጪ ያለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ልጁ የድሬ ልጅ ነው፤ እንደ አገራችን ወግ አንቱታ ብሎ ነገር የለም።

«አቦ ሲስተር፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሕፃን ጠቅልለሽ ያመጣሻት?» አለኝ።

«ውስጧ ያለውን ብታውቅ አንተም ትጠቀልላት ነበር» አልኩት።

ከፈታት። አንድ ሻይ ጠጥተን እስክንጨርስ ጠበቅናት። ከዚያ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ እኔ በዘመኔ የልብ ምት እንደማዳምጠው። «ማሽኗ አላረጀችም» አለኝ። «ያረጀው ዲስኩ ነው።»

የነገረኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። በአሮጌው ሀርድ ዲስክ ውስጥ እንደ ሸክላ ማጫወቻ የሚዞር ሳህን አለ። በላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። መርፌ የመሰለች አንባቢ በላዩ ለጥቂት ሳትነካው እየተመላለሰች የተጻፈውን ትፈልጋለች። ማንኛውም የሚንቀሳቀስ ነገር ይደክማል፤ መውደቅና መንቀጥቀጥ ይጎዳዋል፤ ሙቀትና ድንገት የሚጠፋ መብራትም ወዳጆቹ አይደሉም። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ምንም የሚዞር ነገር የለውም። እንደ ፍላሽ ሁሉን ነገር በቺፕ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አሮጌው በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ተራ የሚባለው ኤስኤስዲ 500 ገደማ ያነባል። ትልቁ ልዩነት ደግሞ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ ነው፤ አሮጌው መርፌውን እያመላለሰ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው።

ሲስተሙን በተመለከተ ግን ሁሉም ላፕቶፕ ወደ ዊንዶውስ 11 አይሻገርም። ይህ ከመስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ የወጣው ሲስተም ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና፣ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ማይክሮሶፍት ይህን የሚመረምር «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለው። ስሙ የኮምፒውተር ጤና ምርመራ ማለት ነው፤ ሰምቼ ሳቅኩ። ልጁ አስመረመራት፤ ስምንተኛ ትውልድ ናት፣ አለፈች። ራሟ 4 ብቻ ስለሆነ ወደ 8 ይደግልኝ አለ።

«ስለዚህ ቅዳሜ መጥቼ ኤስኤስዲውን ከትቼ፣ አዲሱን ሲስተም ጭኜ፣ አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርጌ በኬዝ እሰጥሻለሁ። ትርፍ ማስቀመጫ ይሆንሻል» አለኝ።

«ፎርማት» የሚለውን ቃል ስሰማ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ አሮጌውን አትነካውም» አልኩት። የፍሪጁን ነገር አወራሁለት። ሳቀ፤ ግን እሺ አለ። እነሱም ፋብሪካው ውስጥ የንብረት መዝገቡን ሲያዛውሩ አሮጌውን ወዲያው እንደማያጠፉ ራሱ ነገረኝ። ድርጅት ይህን የሚያስብለት ባለሙያ አለው። ቤተሰብ ግን ማንም የለውም። ቤት ውስጥ መዝገብ ያዡ ማን ነው ቢባል፣ ብዙ ጊዜ እናት ወይም አያት ናት።

የጎደለው አሥራ አንድ

ኤስኤስዲውን ታይዋን ገበያ ሄደን ገዛን። ልጁ ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛ፣ ዓይነቱ ከላፕቶፑ ጋር መግጠም አለበት፤ እንደ አሮጌው ዲስክ አራት ማዕዘን የሆነ አለ፣ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነም አለ። ሁለተኛ፣ «1 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ብዙ ነኝ የሚል አለ። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀብለን፣ ልክ መሆኑን በፕሮግራም ሞክረን ካልሆነ እንደምንመልስ ተስማምተን ያዝን። ዋጋው ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁ መጣ። መጀመሪያ፣ ዊንጭት ከመነሳቱ በፊት፣ ያለውን ሁሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ቀዳ። ከሰዓት በላይ ፈጀ። «አለቀ» ሲል ደብተሬን አወጣሁ።

በሆስፒታል ተራ ስንለዋወጥ መድኃኒት ተቆጥሮ ነው የሚረካከበው። «አለ» ማለት አይበቃም፤ ስንት? ይባላል። እኔም ከሁለት ቀን በፊት ለወንዱ ልጄ ደውዬ ምን ምን እንዳስቀመጠ አስነግሬ ጽፌ ነበር። የሠርግና የድሮ ፎቶ፣ የልጅ ልጆች ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የአባባ ጽሑፍ፣ የአባባ ድምፅ አሥራ አንድ።

አንድ በአንድ አየን። ፎቶው ልክ ነው። ማስረጃው ልክ ነው። ጽሑፉ አለ። የአባባ ድምፅ ግን የለም።

ልጁ ላፕቶፗ ውስጥ ፈለገ፤ እዚያም አይታይም። ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ተቀመጥኩ። «ሲስተር፣ ምናልባት ቀድሞም አልነበረ ይሆናል» አለኝ። ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። ልጄ ትንሽ አሰበና፣ «እማዬ፣ ሕፃኑ እንዳያጠፋው ብዬ ደብቄው ነበር» አለ። ለካ ፎልደር መደበቅ የሚባል ነገር አለ፤ ካልታዘዘ በቀር ዓይን ላይ አይመጣም። ባለሙያው ሲቀዳ የመረጠው የሚታየውን ብቻ ነበር። የተደበቀውን አሳይ ሲለው «ዲ» ላይ ብቅ አለ። አሥራ አንድ።

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ አልተቆጣሁትም። ተቆጥሮ ስለተገኘ ጥፋት አልሆነም። ባይቆጠርና አሮጌው ዲስክ ያኑ ዕለት ፎርማት ቢደረግ ነበር ጥፋቱ።

ፊደሉ ሲጠፋ

ከዚያ አሮጌው ዲስክ ወጣ፣ ኤስኤስዲውና ራሙ ገቡ። ከማይክሮሶፍት ገጽ ወርዶ በፍላሽ የተዘጋጀው ዊንዶውስ 11 ተጫነ። ላፕቶፗ ከነፈቃዷ የተገዛች ስለሆነች ኢንተርኔት ስትገናኝ አዲሱ ሲስተም ፈቃዱን ራሱ አወቀ፤ ፈቃዱ የተያያዘው ከማሽኗ ማዘርቦርድ ጋር እንጂ ከዲስኩ ጋር አይደለም። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገርም ክፍያ የለውም። ስለዚህ «ክራክ አለኝ፣ በክራክ ልጫንልሽ» የሚላችሁን አትስሙ። ምንጩ ያልታወቀ መርፌ እንደመወጋት ነው።

ስትከፈት ማየት ነበረባችሁ። ጀበናዬን ሳላነሳ ተከፈተች! የልጅ ልጄ አጨበጨበ። ፋይሎቹ ከውጫዊው ዲስክ ተመለሱ። ልጁ ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል፣ «ቆይ፣ አንዱን እንክፈት» አልኩት። የባለቤቴን ጽሑፍ ከፈትነው።

አማርኛ አልነበረም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሰረዝ፣ የገንዘብ ምልክት፣ የማይነበብ ዝብርቅርቅ አርባ ሁለት ገጽ ሙሉ።

ይህን ብዙዎቻችሁ እንደምትገናኙት ስለማውቅ በደንብ ላስረዳ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በአገራችን የሚተየበው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እነዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። የፊደሉ ቅርጽ፣ ማለትም ፎንቱ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ አማርኛ ይነበባል፤ ከሌለ ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ይወጣል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ መነጽሩ ነው የጠፋው። ወንዱ ልጄ ለአባቱ ጽሑፍ ብሎ መነጽሩን በአሮጌው ሲስተም ላይ ጭኖት ነበር። እኛ ደግሞ ፋይሎቹን ስናዛውር መነጽሩን አሮጌው ቤት ትተነው መጣን።

«ፎንቱ የታለ?» አልኩ።

«አሮጌው ዲስክ ላይ» አለ ልጁ፤ ካለም በኋላ ዞሮ አየኝ።

አሮጌው ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሳይነካ። በኬዝ ሰክቶ ፎንቶቹ ከሚቀመጡበት ፎልደር አውጥቶ አዲሱ ላይ ጫነው። ዝብርቅርቁ ወዲያው ወደ አማርኛ ተመለሰ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የባለቤቴ ስም። ልጁ ወዲያው ሙሉውን በፒዲኤፍ አስቀመጠልኝ፤ እንዲህ ሲሆን ፎንቱ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ስለሚታሰር የትም ቢሄድ ይነበባል። ለወደፊት አማርኛ ስጽፍም ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ፣ በዩኒኮድ እንድጽፍ አዘጋጀልኝ።

ለናንተ የሚሆን

ነርስ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት አምስት ነገር ታረጋግጣለች፦ ትክክለኛው ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። እኔም ከዚህ ሥራ የቀረኝን በአምስት አስቀምጬዋለሁ።

1. መጀመሪያ ቅዱ። ማንም ባለሙያ ላፕቶፓችሁን ከመክፈቱ በፊት ያለው ሁሉ ሌላ ቦታ ይቀዳ። «ፎርማት» የሚል ቃል ስትሰሙ «የተቀዳውን አሳየኝ» በሉ። ነውር የለውም።

2. ቁጠሩ። ምን እንዳላችሁ በወረቀት ጻፉ፣ ቤተሰቡን ጠይቁ። የተደበቀ ፎልደር መኖሩን ባለሙያውን እንዲያይ አድርጉ።

3. ክፈቱ። ስሙ አለ ማለት ውስጡ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከየዓይነቱ አንድ ሁለት ከፍታችሁ አንብቡ፣ አዳምጡ። በተለይ የድሮ አማርኛ ጽሑፍ ካላችሁ አሁኑኑ፣ አሮጌው ላፕቶፕ በሕይወት ሳለ፣ ወደ ፒዲኤፍ አስቀይሩት።

4. አሮጌውን አቆዩ። አዲሱ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ያለ እንከን እስኪሠራ ድረስ አሮጌው ዲስክ አይጥፋ፣ ለሌላ ሥራም አይዋል።

5. ቁልፉን ጻፉ። አዲሱ ሲስተም የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይም ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። አንድ ቀን 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ኢሜይሉን፣ ፓስወርዱንና ይህን ቁጥር በደብተር ጽፋችሁ ከቤት ሰነዶች ጋር አስቀምጡ። ባለቤቱ ሲሞት ፓስወርዱ አብሮ የተቀበረባቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ላፕቶፓችሁ ምርመራውን ካላለፈ ተስፋ አትቁረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ ተመዝግበው ለሚቆዩ የግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት መድፈኛው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የሚቀጥልበት አሠራር አለ፤ በሲስተሙ የማሻሻያ ገጽ ላይ ይገኛል። ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሲስተም የሚጭንላችሁ ባለሙያ ካገኛችሁም ለጽሑፍ፣ ለፎቶና ለኢንተርኔት ይበቃል። ኤስኤስዲውን ግን በሁለቱም መንገድ አስገቡት፤ ፍጥነቱን የምታገኙት ከሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ኤስኤስዲ ፈጣን ነው እንጂ ዘላለማዊ አይደለም። አሮጌው ዲስክ ሲታመም ብዙ ጊዜ ያጓራል፣ ያንኳኳል፤ ኤስኤስዲ ግን ድምፅ ስለሌለው አንዳንዴ ሳያስጠነቅቅ ቀጥ ይላል። ከሱ ላይ የጠፋ ፋይልም መልሶ የመገኘት ዕድሉ ከአሮጌው ያነሰ ነው። መብራት ሳያገኝ ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቅጂ አይበቃም። እኔ አሁን ሦስት አለኝ፦ አንዱ ላፕቶፗ ላይ፣ አንዱ በውጫዊ ዲስክ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ አንዱ አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ። ደቻቱ እንደገና ቢሞላ እንኳ አዲስ አበባ አይደርስም።

ይህ ሁሉ ለስልክም ይሠራል። ስልክ ስትቀይሩ አሮጌውን ለሌላ ሰው ለመስጠት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ክፈቱ።

አሮጌው ዲስክ አሁን በፕላስተር ላይ ቀኑ ተጽፎበት፣ እንደ ናሙና ጠርሙስ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ባለሙያው ልጅ ባለፈው ሳምንት በልጄ በኩል ሰላምታ ልኮልኝ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ የሌላ ክፍል ኮምፒውተር ሲቀይር አሁን መጀመሪያ «ፎንት አለ?» ብሎ ይጠይቃል አሉኝ።

ያን ቅዳሜ ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ከልጅ ልጄ ጋር ቁጭ ብለን ከአሥራ አንዱ አንዱን ከፈትን። አያቱ ሲሞት እሱ ገና ትንሽ ስለነበር ድምፁን አያስታውስም። ባለቤቴ በቀረጻው ላይ ስለ አንድ የባቡር ጉዞ ሲያወራ፣ ከኋላ የኔ የሲኒ ድምፅ ይሰማል፤ ቡና እያቀረብኩ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ማነው?» አለኝ።

«አያትህ ነው» አልኩት። «ጆሮህን አስጠጋ።»